ከብልቃጥ ወደ ቤት ማዕድ፦ በኮዬ ፈጬ ልጄን የጠቀመ ወፍጮ ቤት

ይህን ግምገማ የምጽፈው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አጠገብ ስላለ አንድ ወፍጮ ቤት ነው። ላለፉት ስድስት ወራት የልጄን የምጥን እህል ያስፈጨሁት እዚያ ነው። ልጄን በብልቃጥ ታሽጎ ከሚሸጥ የሕፃናት ምግብ አላቅቄ ወደ ቤታችን ማዕድ ለማምጣት ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ የዚህ ቤት ሥራ ስለሆነ፣ በዚሁ ጉዳይ ለምትጨነቁ እናቶችና አባቶች ያየሁትን በጎም ጉድለትም ሳልሸሽግ ላስቀምጠው ወድጃለሁ። ወፍጮ ቤቱ በሩ ላይ የተጻፈ ስም የለውም፤ የሰፈሩ ሰው በባለቤቷ እየጠራ «የእትዬ ወፍጮ» ይለዋል፣ እኔም እንዲሁ እለዋለሁ።

ወደ ብልቃጥ ምግብ የገባነው ወደን ሳይሆን ጊዜ አጥሮን ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ ስለዚህ ልጄ ሦስት ወር እንደሞላት ወደ ሥራ ተመለስኩ። ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ መሀል ከተማ በሰዓቱ ለመድረስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መውጣት ግድ ነው፤ ማታም ከ1 ሰዓት በፊት ቤቴ አልገባም። እስከ ስድስት ወሯ ጡቴን እያለብኩ በማስቀመጥ ሌላ ነገር ሳላስቀምሳት ቆየሁ። ተጨማሪ ምግብ የምትጀምርበት ጊዜ ሲደርስ ግን ልጅ የምትይዝልን ወጣት ለሥራው ገና አዲስ ስለነበረች፣ ገንፎውን ሳታበስል ወይም አሳርራ እንዳትሰጣት ፈራሁ፤ ክዳኑን ከፍቶ በማንኪያ ከማቅረብ በቀር ሌላ ሥራ የሌለውን የብልቃጥ ምግብም መረጥኩ። ውጭ አገር የምትኖረው እህቴም በመጣ ሰው ሁሉ እጅ ትልክልኝ ነበር።

የብልቃጥ ምግብ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ጀርሞቹ በሙቀት ከተገደሉ በኋላ የታሸገ በመሆኑ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበትና መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ንጹሕ ምግብ እጅ ላይ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬም ለመንገድ አንድ ሁለት ብልቃጥ ከቤቴ አይጠፋም። ችግሩ አብዛኛው እጅግ የላመና ጣዕሙም ወደ ጣፋጭ ያጋደለ መሆኑ ነው። ስሙ «አትክልት» እየተባለ የተሠራበት ነገር ዝርዝር ሲነበብ ግን ፖም ቀድሞ የሚገኝበት ብልቃጥ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ የሕፃናት ምግብ ከተመረመረባቸው አራት ከተሞች በሦስቱ ከምግቦቹ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት፣ ከሚሰጡት ኃይል ከ30 በመቶ በላይ የሚሆነው ከስኳር የመጣ ሆኖ ተገኝቷል።

ልጄ ዘጠኝ ወር ሲሞላት ውጤቱን በገዛ ዐይኔ አየሁት። ድንች ቀቅዬ በሹካ አድቅቄ ሳቀምሳት፣ የሽምብራ ፍሬ የማታክል አንዲት ጓል ምላሷ ላይ ስታርፍ ዐይኗ እንባ እስኪያቀርር ወደ ላይ ይላታል፤ ከዚያ ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ወደ ትከሻዬ ታዞራለች። ሽሮ ብሞክር ተፋችው። የሄድኩበት ጤና ጣቢያ ነርስ ክብደቷን መዝና፣ ከክብደቷ ይልቅ የምግቡ ልስላሴ እንደሚያሳስባት ነገረችኝ። በእንግሊዝ ተካሂዶ በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናትም ከአሥር ወር በፊት ጓል ያለበት ምግብ ያልተለማመዱ ሕፃናት በኋላ ምግብ የማስቸገር ነገር በርክቶ ታይቶባቸዋል። እኔ የቀረኝ አንድ ወር ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ወፍጮ ቤቱ ይመጣል። መጀመሪያ የሄድኩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጤፍ፣ የተፈተገ ገብስ፣ አጃና ሽምብራ ቀላቅዬ በከረጢት ይዤ ነበር። እትዬ በነጭ ነጠላ አፋቸውን ሸፍነው ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። «ለሕፃን ነው» ስላቸው ከረጢቱን ከፍተው አንድ እፍኝ ዘገኑ፤ መዳፋቸው ላይ ዘርግተው በሌባ ጣታቸው አገላበጡት፣ ከዚያ አንዲት ሽምብራ አንሥተው በጥርሳቸው ሰበሯትና ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩዋት።

«ልጄ፣ ይሄ ሽምብራ አመሳው አልገባውም» አሉኝ። «ውጩ ነው የቀላው፣ ውስጡ ጥሬ ነው። እንዲህ ብፈጭልሽ ሆዷን ይነፋታል። ይዘሽው ሂጂ፤ ሌሊቱን ዘፍዝፊው፣ ውኃውን ድፊና ቀቅለሽ አድርቂው፣ ከዚያ አምሰሽ ለየብቻው አምጪልኝ።»

«እሺ እትዬ፣ ዛሬ ግን የምትበላው የለኝም» ብዬ ብለማመጥ፣ ጤፉንና ገብሱን ለይተው ለሳምንት የሚሆን ብቻ አስፈጭተው ሰጡኝ፤ ሽምብራውን መለሱት። ገንዘብ የሚያገኙበትን እህል አይሆንም ብሎ የሚመልስ ነጋዴ ስላጋጠመኝ በዚያው ቀን ደንበኛቸው ሆንኩ። ምክራቸውም ትክክል ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ጥራጥሬ ቆላ ውስጥ በሚበስልበት ጊዜ እዚህ አይበስልም፣ ገንፎው ምድጃ ላይ በሚቆይባት አጭር ጊዜ ደግሞ ጥሬ የተፈጨ ሽምብራ ጨርሶ አይደርስለትም። አስቀድሞ መዘፍዘፍና መቀቀል ሌላም ጥቅም አለው፦ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ብረትን አስሮ ከሰውነት የሚከለክለውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። ሕፃን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የሚወለደው የብረት ክምችት በስድስት ወር ገደማ እየተመናመነ ይሄዳል፤ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ወር ላለ ሕፃን የሚመከረው ደግሞ በቀን 11 ሚሊ ግራም ነው፤ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ለዚህ አይበቃም። ጤፍ ብረት አለው ብለን የምንመካበትን ያህል ሰውነት እንዲያገኘው የማድረጉ ሥራ የእኛው ነው። ለዚህ ሲባል ከገንፎው ጋር ብርቱካን ወይም ቲማቲም አቀርባለሁ፤ ሻይ ግን የብረትን መዋሃድ ስለሚያግድ ለልጄ አልሰጥም፣ ይህን የምለው በሰፈራችን ለሕፃን ሻይ በዳቦ መስጠት የተለመደ ስለሆነ ነው።

የአሠራራቸውን ንጽሕና በተመለከተ ለወራት ተከታትዬ የምመሰክረው አለ። በቤቱ ውስጥ ሁለት ወፍጮ አለ። አንደኛው የበርበሬና የሽሮ፣ ሁለተኛው የዱቄት ነው፤ በመካከላቸው ግድግዳ አለ። የሕፃን እህል የሚፈጨው ቅዳሜ ጠዋት ከሌላው ሁሉ በፊት ሲሆን፣ መጀመሪያ አንድ ጣሳ ንጹሕ ስንዴ ያልፍበትና ያ ዱቄት ለዶሮዎቻቸው ይቀመጣል። እኔ ግን ይህንን አይቼ አልተውኩም፤ ቤቴ ስደርስ አንድ ማንኪያ ዱቄት በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቼ በማንኪያ ጀርባ እዳምጠዋለሁ፤ ቀይ ነቁጥ ካለ በርበሬ ነው፣ ካንኮሻኮሸ ድንጋይ ነው። በስድስት ወር ውስጥ በርበሬ አግኝቼ አላውቅም።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን የአፈጫጩ ነገር ነው። ወፍጮ የሚያስተናግደው ወጣት በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለውን ክፍተት የሚያጠብና የሚያሰፋ አንድ መዘውር አለው። እትዬ ልጄ ከብልቃጥ ምግብ እንደመጣች ሲሰሙ በየሁለት ሳምንቱ ክፍተቱን ጥቂት እያሰፋ እንዲፈጭልኝ አዘዙት፤ በከረጢቴም ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረጉበት፣ አንድ ጭረት ላም ላለው፣ ሁለት ጭረት ለመካከለኛው፣ ሦስት ጭረት ከርደድ ላለው። የመጀመሪያው ዱቄት በጣቶች መካከል እንደ ቡላ የሚያመልጥ ነበር፤ ገንፎውም ከብልቃጡ ምግብ በልስላሴ እምብዛም ስለማይለይ ልጄ በሁለት ቀን ውስጥ ተቀበለችው። ሁለተኛው ላይ ሦስት ቀን ፊቷን አዙራብኛለች። አንድ ምግብ በሕፃን ዘንድ ተቀባይነት እስኪያገኝ ስምንትና አሥር ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልግ እንደሚችል ስለማውቅ ሳላስገድድ በየቀኑ ሁለት ሁለት ማንኪያ ማቅረቤን አላቋረጥኩም፤ በአራተኛው ቀን ማንኪያዬን በእጇ ስባ ወደ አፏ አደረሰችው። ከርደድ ወዳለው ስንደርስ አሥረኛ ወሯን አጋምሳ ነበር፣ መንጋጋዋን ወደ ጎን እያንቀሳቀሰች ማላመጥ ጀመረች። ይህን የልስላሴ መሰላል ለአንዲት ሕፃን ሦስት ብልቃጥ በቁጥር ለይተው የሚሸጡ ድርጅቶች ያውቁታል፤ በኮዬ ፈጬ ግን በአንድ መዘውርና በእስክሪብቶ ጭረት ተሠራልኝ።

እዚያው ወፍጮ ቤት ያገኘሁት ሌላ ነገር ብቅል ነው። ለጠላ የሚሆን የገብስ ብቅል ሲፈጭ አይቼ አንድ ጭልፋ ጠየቅሁ። ሕፃን የሚይዘው ምግብ ትንሽ ነው፤ ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚችለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ፣ ገንፎውን በውኃ ማቅጠን ሆዱን በውኃ መሙላት ነው። ወፍራም ገንፎ ሠርቼ ለብ እስኪል ካቀዘቀዝኩ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ሳማስልበት፣ ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ይቆራርጠውና ማማሰያው የቆመበት ገንፎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከማንኪያ የሚወርድ ይሆናል፤ እህሉ ግን አልቀነሰም። ከዚያ መልሼ አፈላዋለሁ፤ ጥሬ ብቅል ጀርም ሊኖረው ስለሚችል ይህ እርምጃ አይዘለልም።

አሁን ስለ ጉድለቱ። በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ያስፈጨሁት ዱቄት ወረቀቱ ላይ ሲዳመጥ አንኮሻኮሸ። ሁለት ኪሎ ሙሉ ነበር። ይዤው ተመልሼ ሳሳያቸው እትዬ ደነገጡ፤ ድንጋዩ ሐሙስ ዕለት ተወቅሮ እንደነበረና ወጣቱ በተወቀረ ማግስት በቂ እህል ሳያሳልፍበት እንደጀመረ ተገለጠ። እህሉን ከኪሳቸው ገዝተው ተኩልኝ፤ ይሁን እንጂ እኔ ወረቀት ላይ ባልፈትሸው ኖሮ ልጄ የድንጋይ ደቃቅ ትበላ ነበር፣ ሌሎች ስንት ቤቶች እንደገባም አላወቅንም። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ የተወቀረበትን ቀን በግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ፤ እናንተም ወደ ማንኛውም ወፍጮ ቤት የሕፃን እህል ስትወስዱ «መቼ ተወቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ጉድለት እስካሁን አልተስተካከለም። ወፍጮ ቤቱ «የልጆች ምጥን» እያለ በላስቲክ ቋጥሮ የሚሸጠው የተዘጋጀ ዱቄት አለ፤ እሱን አልመክርም። በውስጡ አሥራ ሁለት ዓይነት እህል እንዳለ በኩራት ይነገራል፣ ነገር ግን ላስቲኩ ላይ የእህሎቹ ዝርዝርም ሆነ የተፈጨበት ቀን የለም። የእህሉ ዓይነት መብዛቱ ምጥኑን የተሻለ አያደርገውም። ሦስት እጅ እህል ለአንድ እጅ ጥራጥሬ ለእኔ በቂ ሆኖልኛል፤ አሥራ ሁለቱ አንድ ላይ ገብተው ልጄ ሰውነቷ ቢያብጥ የቱ እንዳስቆጣት በምን ይታወቃል? በተለይ ለውዝ እንዳለበት ጠይቄ ነው ያወቅሁት። ለውዝ ልም ሆኖ ቀድሞ መቅመሱ ለብዙ ሕፃናት መልካም ቢሆንም ለየብቻው፣ በትንሹና ሰው አጠገቡ ሆኖ እየተከታተለ መሆን አለበት፤ በእርጥበት የተቀመጠ ለውዝ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል፣ መቼና ከየት እንደመጣ በማላውቀው ለውዝ አላምንም። ይህንን ለእትዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ «ሰው ሁሉ የሚፈልገው ብዙ ዓይነቱን ነው» የሚል መልስ ሰጥተውኛል፣ በዚህ አንስማማም።

ሦስተኛው መብራት ነው፤ ሲጠፋ ወረፋው እስከ ቀትር ይዘልቃል። ይህ የእነርሱ ጥፋት ባይሆንም እህል ሳያልቅ ቀድሞ መሄድን ያስተምራል።

ዱቄቱ ድልድይ እንጂ መድረሻ አልነበረምና፣ ከአሥራ አንደኛው ወር ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ቤታችን ድስት አሻግሬያታለሁ። ለየብቻው የሚሠራ የሕፃን ወጥ አቆምኩ። አልጫ ክክም ይሁን ምስር ሲሠራ፣ ሽንኩርቱና ክኩ በስሎ ጨውና በርበሬ ከመግባቱ በፊት የእሷ ድርሻ በጭልፋ ይወጣል፤ ከዚያ ድስቱ ለእኛ ይቀጥላል። የእሷን በሹካ ጀርባ ዳምጬ እንጀራ ውስጡን እፈተፍትላታለሁ፤ የእንጀራው ሊጥ መቡካቱ ፋይቴቱን ስለሚቀንሰው እንጀራ ለሕፃን አይሆንም የሚለውን አባባል አልቀበለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ያሉ ሕፃናት ሥጋን፣ እንቁላልን ወይም ዓሣን ጨምሮ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ በየቀኑ እንዲያገኙ ይመክራል። ሥጋ በየቀኑ አቅማችን አይፈቅድም፤ እንቁላል ግን በደንብ ተቀቅሎ በየቀኑ አለ፣ በየሳምንቱም ጥቂት ጉበት በደንብ አብስዬ አድቅቄ ከድንች ጋር እሰጣታለሁ። በጾም ወቅትም ለእሷ የሚሆነው ለየብቻው በትንሽ ድስት ይሠራል፤ አማቴ በዚህ መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም ሕፃን ጾም እንደሌለበት ራሳቸው ካህኑን ጠይቀው ከመጡ ወዲህ እንቁላሉን የሚቀቅሉት እሳቸው ናቸው።

መጠኑን በተመለከተ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር ባለው ጊዜ በአንድ ማዕድ የ250 ሚሊ ሊትር ስኒ ግማሽ፣ ከዓመቷ በኋላ ደግሞ ከስኒው ሦስት ሩብ እስከ ሙሉ፣ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ እሰጣታለሁ፣ በመካከሉ ሙዝ ወይም አቮካዶ አለ፤ ጡቷንም አላቋረጠችም። ሁለት ነገር ግን ማንም ቢለምነኝ አልፈቀድኩም። አንደኛው ማር ነው፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አንጀት ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ቦቱሊዝም አምጪ ባክቴሪያ ሊቋቋም ስለማይችል፣ በጣት ጫፍ እንኳ አላስቀመስኳትም። ሁለተኛው ቆሎ ነው። ቡና ሲፈላ ሰሃኑ ዝቅ ባለ ረከቦት አጠገብ ስለሚቀመጥ ልጄ ዳዴ እያለች ትደርስበታለች፤ ቆሎና ፍሬ ለውዝ የመተንፈሻ ቱቦ ስለሚዘጋ ቢያንስ እስከ አራት ዓመቷ ከእጇ ይርቃል፣ ሰሃኑም አሁን መደርደሪያ ላይ ነው።

ስለ ዋጋ ለሚጠይቀኝ፦ እትዬ ለሕፃን እህል ከተለመደው የኪሎ ዋጋ በላይ አያስከፍሉም። አንድ ከውጭ የመጣ ብልቃጥ በምገዛበት ብር እህሉን ገዝቼ፣ አስፈጭቼ ሁለት ሳምንት የሚያደርሰንን ይዤ እገባለሁ። ከዚያ በላይ ማስፈጨትን አልመክርም፤ የተፈጨ ሽምብራና አጃ ቶሎ ስለሚሻግትና ስለሚመር በትንሽ በትንሹ ማስፈጨት ይሻላል።

ልጄ አሁን አሥራ አምስት ወሯ ነው። ባለፈው እሑድ ከትሪው ዳር ተቀምጣ ከአባቷ ጉርሻ ተቀብላ አላመጠች፣ ዋጠች፣ ደግሞም አፏን ከፈተች። የእትዬን ወፍጮ ለምትሞክሩ ቅዳሜ ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፤ ጥራጥሬውን ዘፍዝፋችሁ፣ ቀቅላችሁና አምሳችሁ ለየብቻው በንጹሕ ከረጢት ያዙ፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የውቅር ቀን አንብቡ፤ ስንት ጭረት እንደሆነም ለወጣቱ ንገሩት።